እንደ አራስ የተያዘው ፋይከስ

ራሴን ማመስገን አልወድም፤ ግን ሌላው ሰው ቶሎ ካልጀመረ ምን ላድርግ? ሥራ ይቆማል።

ፍሪጅ እጠግናለሁ። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ደጇ ላይ የተደረደሩት ፍሪጆች ከሱቋ ይበልጣሉ። ማንም አላስተማረኝም። በወጣትነቴ የእናቴ ፍሪጅ ሲቆም ብድግ ብዬ ፈታሁት፤ መልሼ ስገጥመው ብሎኖች ተረፉኝ፤ ፍሪጁ ግን ሠራ። ያን ቀን ነው ብሎኖቹ ትርፍ እንደነበሩ፣ እኔ ግን ትርፍ ሰው እንዳልሆንኩ የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ ካውያ፣ አንዴ ደግሞ የተጣሉ ባልና ሚስት ጠግኛለሁ። ባልና ሚስቱ በኋላ መልሰው ተበላሽተዋል፤ እኔ መቼ ዋስትና ሰጠሁ?

ስለዚህ ከኛ በላይ የሚኖሩት እትዬ ለዛፋቸው ሰው ሲያስፈልጋቸው፣ ሰውየው እኔ መሆኔ የታወቀ ነበር። ቢያንስ እኔ ጋ የታወቀ ነበር።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ እኛ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ሦስተኛ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እኔ ፀጉሬ ግማሹ ሸብቶ ግማሹ ሄዶ፣ ልጆቼ ትምህርት ጨርሰው ከቤት ወጥተው፣ እሳቸው እስከ ዛሬ የሚጠሩኝ «አንተ ልጅ» ብለው ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ብቻቸውን ማለት ከዛፋቸው፣ ከፋይከሱ ጋር።

ፋይከሱ ከኔ ይረዝማል። ያመጡት ባላቸው ናቸው፤ ያኔ ክንድ የማይሞላ ችግኝ ነበር አሉ። ቤቱን ቀለም ቀብተው ሲጨርሱ ባዶውን የቀለም ባልዲ በስተው ተከሉበት፣ እዚያው ውስጥ ቀረ። የባልዲው ከንፈር ላይ የደረቀው ቀለምና የእትዬ ሳሎን ግድግዳ እስካሁን አንድ ናቸው። እትዬ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ የሚያናግሩት ዛፉን ነው። አንድ ቀን ፍሪጃቸውን ልሠራ ወጥቼ በጆሮዬ ሰማሁ።

«ይመልስልዎታል?» አልኳቸው።

«አይመልስም» አሉኝ። «ግን እንዳንተ ወሬ አያቋርጥም።»

ሀዋሳ ያለችው ልጃቸው ስትወልድ እትዬ ሊያርሷት ተነሱ። ሻንጣቸውን በአንድ እጅ፣ የቤታቸውን ቁልፍ በሌላው ይዘው በራችንን አንኳኩ።

«አንተ ልጅ፣ ቁልፌን ላስቀምጥ ነው። አልፎ አልፎ ወጣ ትልና አፈሩ ሲደርቅ ውሃ ጠብ ታደርግለታለህ። ሌላ ጣጣ የለውም።»

«ምን ቁልፍ ያስፈልጋል እትዬ? ብቻውን ቤት ቆልፈውበት ሊሄዱ ነው? እኛ ጋ ይውረድ እንጂ! እኔ ቤት መስኮት አለ፣ ሰው አለ፣ ቴሌቪዥን አለ።»

«ቴሌቪዥን አያይም።»

«ይለምዳል።»

ባለቤቴ ከኋላዬ ሸሚዜን ጎተተችኝ። እሷ ሸሚዜን ስትጎትት «አፍህን ዝጋ» ማለቷ ነው፤ እኔ ግን ሁሌም «ቀጥል» ያለችኝ ይመስለኛል።

«ሟቹ ካስቀመጠበት ጥግ ነቅንቄው አላውቅም እኮ» አሉ እትዬ፣ ቁልፉን በመዳፋቸው እያገላበጡ።

«እኔ እያለሁ!» ብዬ ደረቴን መታሁ።

ታች የቆመው ታክሲ ክላክስ አደረገ። እትዬ ወደ ደረጃው አዩ፣ ወደኔ አዩ፣ ቁልፉን ሰጡኝ።

«በል እንግዲህ አደራ። በሟቹ እጅ ከተነካ ነገር ሁሉ ነፍስ ያለው እሱ ብቻ ነው የቀረኝ። እንደ አራስ ያዘው፤ ሌላ አይፈልግም።»

«አራስ! ስለ አራስ ለኔ ነው የሚነግሩኝ? ይቺ እዚህ የቆመችው ሁለቴ ስትወልድ በማን እጅ የታረሰች ይመስልዎታል?»

«በእናቴ» አለች ባለቤቴ።

እትዬ ግን ደረጃውን መውረድ ጀምረው ነበር።

ዛፉን ያወረድነው እኔና ባለቤቴ ነን፤ እኔ ከላይ መመሪያ እየሰጠሁ፣ እሷ ከታች ባልዲውን ተሸክማ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆምነው። ሳሎኔ ሌላ ሳሎን ሆነ! ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ይሄ የዋርካ ዘመድ ነው» እላለሁ። «ሌላው ሰው ተነስቶ ዋርካ ሥር ይሄዳል፤ እኔ ዋርካውን ቤቴ አስመጣሁት።» የፈጠርኩት አይደለም፤ ስልኬ ላይ አንብቤዋለሁ፤ ዋርካም ሾላም ከፋይከስ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ከዚያ በታች ስለ አያያዙ የተጻፈ ነገርም ነበር፤ እሱን ማንበብ አላስፈለገኝም።

የመጀመሪያዋ ቅጠል የወደቀችው ምሳ ላይ፣ ሽሮው ውስጥ ነው።

«ጎመን ጨመርሽበት እንዴ?» አልኩ።

ባለቤቴ ሳትስቅ ቅጠሏን በሁለት ጣቷ አንስታ አሳየችኝ። አልጠወለገች፣ ቢጫ አልሆነች፤ አረንጓዴ፣ የምታብረቀርቅ፣ ጤነኛ ቅጠል። ዝም ብላ ነው ሥራ የለቀቀችው።

«አንድ ቅጠል ናት» አልኩ። «እኔ ሳበጥር ከዚህ የባሰ ይወድቅብኛል።»

በነጋታው ሶፋው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ጫማዬ ውስጥ ቅጠል ሆነ። በር ሲዘጋ ይረግፋል፤ ሳስነጥስ ይረግፋል። የምደግፈው ቡድን ጎል ሲገባበት ብጮህ አንዱ ቅርንጫፍ እንዳለ ተራቆተ፤ የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ መሆኑን ያኔ ጠረጠርኩ። የባለቤቴ እጅ ከመጥረጊያ አልለይ አለ።

«ሰውዬ፣ ለእትዬ ደውልና ንገራቸው።»

«ምን ብዬ? እሳቸው አራስ ቤት ናቸው፤ አይረበሹም። እንደ አራስ ያዘው ነው ያሉኝ፤ እይዘዋለሁ።»

እኔ የማውቀው አራስ ደግሞ ይበላል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ቅቤው፣ ዶሮው! ጎረቤት በሳህን ያመጣል፣ ዘመድ በድስት ያመጣል። ባለቤቴ በወለደች ጊዜ እሷ ያቃታትን ሁሉ ሳልሰለች የጨረስኩት እኔ ስለሆንኩ አንዱንም አልረሳሁም። ችግሩ ገባኝ፦ ዛፉ ርቦታል።

ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት። መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ማዳበሪያ አመጣሁ፤ ሻጩ «ትንሽ ብቻ» ቢለኝም አራስ ትንሽ አትበላም ብዬ አፈስኩለት። የቅጠሉ መርገፍ ባሰ። ከዚያ ከቁርስ የተረፈውን አጥሚት በውሃ አቅጥኜ ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩ። ባለቤቴ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

«ገንፎም ላገንፋለት?»

«ቅቤውን አታብዢበት» አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ ሳሎኑ ጠላ ጠላ መሽተት ጀመረ። ትንንሽ ዝንቦችም መጡ፤ እነሱም አራስ ሊጠይቁ ነው መሰለኝ።

ቀጥሎ ትዝ ያለኝ ፀሐይ ነው። የአራስ ልጅ ጠዋት ፀሐይ ይሞቅ የለ? ወደ ሥራ ስሄድ በረንዳ አወጣዋለሁ፣ ስመለስ ሳሎን አስገባዋለሁ። ሳሎኑ ቀዘቀዘው ብዬ መኝታ ቤት ወሰድኩት፤ መኝታ ቤቱ ጨለመበት ብዬ መለስኩት። ዛፉ ከኔ የበለጠ ስፖርት ይሠራ ጀመር። በረንዳችን ደግሞ በረንዳ አይደለም። የክፍለ ከተማችን ስም እንደሆነ የሚጀምረው በነፋስ ነው፤ ስሙን የሚያስከብረው የኛ በረንዳ ነው። ነፋሱ ቅጠሉን እየዘገነ ታች ያለችው ጎረቤታችን ያሰጣችው ልብስ ላይ ይበትነዋል።

ጎረቤታችን ቅመም ነጋዴ ናት። አንድ ጠዋት እፍኝ ሙሉ ቅጠል ይዛ ወጣች።

«ይሄ የናንተ ነው መሰለኝ፤ ነጠላዬ ላይ አገኘሁት።» ከዚያ ዛፉን ስታይ አፏን ያዘች። «ውይ! ምች መቶታል እኮ!»

«ዛፍን?»

«ምን ያበላኸው ነገር አለ?»

«አጥሚት።»

«በላዩ ላይ ፀሐይ አወጣኸው?»

«አወጣሁት።»

«እና ምን ይሁን? ሰውም ቢሆን ይመታው ነበር!»

ነገሩ እንዴት እውነት እንደመሰለኝ አልነግራችሁም። ዳማ ከሴ አመጣችልኝ፤ በመዳፌ አሽቼ ግንዱን ከታች እስከ ላይ ቀባሁት። ቅጠል ያለቀበትን በቅጠል ማከም የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። ቤቱ ደስ የሚል ሽታ ሸተተ፤ ያተረፍነው እሱን ብቻ ነው።

በዚህ መሃል እትዬ ይደውላሉ።

«ልጄስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው እትዬ! ቀለል ብሎታል።»

«ውሃ?»

«ምን ሲጎድልበት!»

«አዲስ ነገር አለ?»

«በየቀኑ።»

ውሸት አንዲት አልተናገርኩም። ፎቶ ላክ ሲሉኝም ላክሁ፤ አንዱ ጎኑ ገና ደህና ስለነበር በጎን አነሳሁት። ሰውም እኮ ፎቶ ሲነሳ የሚያምርበትን ጎን ነው የሚሰጠው።

አንድ እሁድ ግን ልጃቸው በቪዲዮ ደወለችና ስልኩን ለእናቷ ሰጠች። እትዬ መጀመሪያ ሕፃኑን አሳዩን፤ ፊቱ የተጨማደደ፣ ጉንጩ የሞላ፣ የሚያምር ልጅ። አድንቀን ሳንጨርስ፣ «በል አሁን ደግሞ ያንተን አራስ አሳየኝ» አሉ።

ግድግዳውን አሳየኋቸው። መጋረጃውን አሳየኋቸው። ባለቤቴን አሳየኋቸው። ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ቀማችና ዛፉ ላይ አዞረችው።

እትዬ ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«አንተ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «ምን አደረግኸው?»

ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ማዳበሪያውን፣ አጥሚቱን፣ በረንዳውን፣ ዳማ ከሴውን። ልፋቴን ሲሰሙ የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ምንም አላስቀረሁም።

«ማን ቀልበው አለህ?»

«እርስዎ ነዎት! እንደ አራስ ያዘው አላሉኝም?»

«አራስ ያልኩህ አይነቃነቅ ብዬ ነው!» አሉ፤ የሀዋሳው ሕፃን ደንግጦ ሲያለቅስ ይሰማኛል። «አራስ ከጥጓ ትነሳለች? በረንዳ ላይ ነፋስ ትጠጣለች? ቦታው ሲቀየርበት ይደነግጣል ዛፉ! አንዴ ካስቀመጥከው ተወው፣ አትንካው፣ ሰው አታግተልትልበት ማለቴ ነበር። አብላው አልኩህ እንዴ?»

ባለቤቴ ልትስቅ ጀምራ ነበር፤ ግን የእትዬ ድምፅ ተለወጠ።

«እሱ ከሄደ» አሉ፣ «እኔ ያንን በር ከፍቼ ስገባ ማንን ነው የማናግረው?»

የምቀልድበት ቦታ ፈለግኩ፤ አጣሁ። የሚያውቀኝ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሰውዬ፣ ፍሪጁን ተሸክሞ ቤት ለሚቀይር ደንበኛ ምን ነው የምትለው?»

እኔ ስለ ሥራዬ ከተጠየቅኩ አፌ በራሱ ይነዳል። «ወስዳችሁ አቁማችሁ ተዉት። ዘይቱ ይርጋ። ቶሎ ሶኬት አትሰኩ። ሠራ አልሠራ እያላችሁ አትነካኩት። ስንት ደህና ፍሪጅ የሚበላሸው በመንገድ ሳይሆን ከደረሰ በኋላ በሚነካካው ሰው…»

ቆምኩ።

«ሱቅህ በር ላይም ጽፈህ ለጥፈኸዋል» አለች።

ባለቤቴ ቤቱን ዞራ አየችና ብርሃኑ ጥሩ የሆነው፣ ነፋስም የማይገባው መስኮቱ አጠገብ፣ የኔ ወንበር ያለበት ቦታ ነው አለች። ወንበሬ ወደ በሩ ተሰደደ። የሸተተውን የላይኛውን አፈር ጠርጋ ጣለች፤ ዛፉን ለመጨረሻ ጊዜ አንስተን እዚያ አስቀመጥነው። ከዚያ ልጆቹ ከተማሩበት ጊዜ የተረፈ ጠመኔ ከመሳቢያ አወጣችና ባልዲውን ዙሪያውን ወለሉ ላይ አሰመረችበት።

«ከዚህ ወዲያ አራስ ቤት ነው። ወንድ አይገባም።»

ውሃ የምትሰጠው እሷ ሆነች፤ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከታ ደረቅ ሲሆንባት ብቻ። የኔ ሥራ ምንም አለማድረግ ነው። ይሄን ሥራ ቀላል የሚመስለው ሰው ሞክሮት አያውቅም። እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፣ አወጣለሁ። መስመሩ ዳር ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ባንነካውም ቅጠሉ ሲወድቅ ከረመ፤ በመጨረሻ አናቱ ላይ ጥቂት ብቻ ቀረችው። የኔን ራስ ቁርጥ! ማታ ማታ ሁለታችን ጎን ለጎን ሆነን ዜና እናያለን፤ ባለቤቴ አንዳንዴ ለማናችን እንደምታዝን አይገባኝም ነበር።

አንድ ቀን አንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የሾለች፣ የተጠቀለለች ነገር አየሁ። ትል! አልኩ በልቤ። ልቆነጥራት እጄን ስዘረጋ ከወጥ ቤት «ጠመኔው!» የሚል ጩኸት መጣ። ባለቤቴ በግድግዳ አሳልፋ ታያለች፤ ተጋብተን ስንኖር የደረስኩበት ነው። እጄን ሰበሰብኩ።

እትዬ የተመለሱት ዝናቡ ሳይከብድ ነው። ወደ ቤታቸው ሳይወጡ፣ ሻንጣቸውን እንደያዙ እኛ በር ላይ ቆሙ። እኔ የምናገረው ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ ንግግር ነበር፤ እሳቸው ግን በአጠገቤ አልፈው ገቡ። መስመሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የአራስ ቤት ድንበር» አለች ባለቤቴ።

ጫማቸውን አውልቀው ተሻገሩት። ግንዱን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ከዚያ በጥፍራቸው ቅርፊቱን ጫር አደረጉ። እኔና ባለቤቴ አንገታችንን አሰገግን። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ነው።

«እርጥብ ነው» አሉ። «አለ።»

ቀና ብለው ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ሲያዩ የኔን ትል አገኟት።

«ይቺን አይተሃታል?»

«አይቻታለሁ እንጂ! ልገድላት… ማለቴ፣ ስጠብቃት ነበር።»

ትሏ ቅጠል ነበረች። ገና ሳትፈታ፣ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ሾላ፣ አዲስ ቅጠል። ከሷ በታች ሌላ አለች፤ ከጎኗ ደግሞ ሌላ። እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። መነጽሩ ንጹህ ነበር።

«እንዴት ከረምክ?» አሉ።

«ደህና ነኝ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አንተን አይደለም።»

ነገሩ በዚህ ማለቁ ነው ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። «በሉ እንግዲህ፣ አሁኑኑ ተሸክሜ ላውጣልዎት!» መስመሩን ዘልዬ ባልዲውን አቀፍኩት።

«እጅህን!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ለቀቅኩት።

«ገና አራስ ነው» አሉ እትዬ። «አሁን ብታወጣው ይቺንም ይጥላታል። እስኪጠነክር እዚሁ ይቆይ።»

«እስከ መቼ?»

«እሱ ያውቃል። እኔ እየወረድኩ አየዋለሁ፤ አንተ ምን ቸገረህ?»

ምን እንደቸገረኝ በነጋታው ገባኝ። ቁርሴን ስበላ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ገቡ፤ ወንበሬን ከበሩ አጠገብ አንስተው ወደ ድሮ ቦታው፣ ዛፉ አጠገብ ወሰዱና ተቀመጡበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ነው። ለዛፉ የልጅ ልጃቸውን ጥርስ ይነግሩታል፣ የሰፈሩን መብራት መጥፋት ይነግሩታል፤ እኔን ደግሞ እኔ ፊት ያሙኛል። «ትናንትም ሲያንኮራፋ ላይ ድረስ ተሰማኝ» ይሉታል። «አንተ ግን እንዴት ቻልከው?» እኔ ሻዬን የምጠጣው ቆሜ ነው።

ዝናዬ ግን ጋርመንት ድረስ ተሰማ። ተራቁቶ የነበረው ዛፍ ቅጠል ሲለብስ ያየ ሁሉ «ምን አድርገህ ነው?» ይለኛል። «ምንም!» እላለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ። «ምንም አለማድረግ ከባድ ሙያ ነው፤ በዚህ ክፍለ ከተማ እንደኔ የሚችለው የለም።» ባለቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ታስላለች። ጉንፋን የላትም።

በቀደም ጉንፋን የያዘው እትዬን ነው። ጠዋት በሩ ሳይንኳኳ ቀረ። ባለቤቴ የሚጠጣ ትኩስ ነገር ይዛላቸው ወጣች፤ ወንበሬ ባዶ ነው፣ ቁርሴ ቀርቧል፣ ተቀምጬ በሰላም መብላት እችላለሁ። ተቀመጥኩ። ዛፉን አየሁት። እሱም ወደ በሩ የሚያይ መሰለኝ። ተነሳሁና መስመሩ ዳር፣ በውጭ በኩል ቆምኩ።

«እትዬ ትንሽ ብርድ ይዟቸው ነው» አልኩት። «ነገ ይወርዳሉ። አታስብ።» ከዚያ ዝም ማለቱ ስላላስቻለኝ ስለ አንድ አስቸጋሪ ፍሪጅ፣ እኔ ብቻ ስለደረስኩበት ብልሽት ትንሽ አጫወትኩት።

ዞር ስል ባለቤቴ ባዶውን ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«መለሰልህ?» አለችኝ።

«አልመለሰም» አልኳት። «ግን ወሬዬን አላቋረጠም።»